ፊት የሌላት ልጅ

እኅቶቼ፣ በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ባልና ሚስት መግባባት ብዙ ተብሏል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከሦስቱም ጋር የተያያዘ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። ይኸውም ሴቶች ልጆቻችን በእጅ ስልካቸው የሚጫወቱት የፍቅር ጌም ነው። «ጌም ደግሞ የምን ቁም ነገር ሆኖ ነው ጋዜጣ ላይ የሚወጣው?» የምትል አንባቢ እንደማትጠፋ ዐውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ተከታተሉኝና ፍርዱን ያን ጊዜ ስጡ።

ጌም ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ወንዶች ልጆች እየተጯጯሁ የሚጫወቱት የኳስ፣ የመኪና ወይም የተኩስ ጨዋታ ነው። የፍቅር ጌም ግን ጫጫታ የለውም። ልጅቱ ጥግ ይዛ ስልኳን እያየች ፈገግ ትላለች። እናት «ከማን ጋር ነው የምትጻጻፊው?» ብላ ትቆጣለች፤ ልጅም «ከማንም፣ ጌም ነው» ብላ ትመልሳለች። ልጅቱ አልዋሸችም። ይሁን እንጂ አንድ በሥዕል የተሠራ መልከ መልካም ወንድ «ዛሬ ደክሞሻል?» ብሎ ጠይቋት፣ እርሷም መልስ እየመረጠችለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ታሪክ በሥዕልና በጽሑፍ፣ አንዳንዴም በድምፅ ይቀርባል። ተጫዋቿ እንደ ልብ ወለድ መጽሐፍ እያነበበች ትሄዳለች። ከመጽሐፍ የሚለየው ግን በየመካከሉ ታሪኩ ቆሞ ጥያቄ ስለሚያቀርብላት ነው። ለምሳሌ ያህል የታሪኩ ጎልማሳ «ለምን ዘገየሽ?» ቢላት፣ ሁለት ወይም ሦስት መልስ ተደርድሮ ይጠብቃታል። ይቅርታ መጠየቅ፣ መቀለድ፣ ወይም «ሥራ ነበረብኝ» ብሎ መናገር ይቻላል። የመረጠችው መልስ ሰውዬውን ደስ ካሰኘው የፍቅር ነጥብ ይጨመርላታል፤ ካላስደሰተው ይቀርባታል። ነጥቡ ተጠራቅሞ ታሪኩ በመጋባት ወይም በመለያየት ያልቃል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ነጥብ የሚያስገኘው መልስ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ የወሰነ ሰው አለ። እርሱም ጨዋታውን የሠራው ነው። ሴት ልጅ ምን ስትል ትወደዳለች? ዝም ስትል ወይስ ስትናገር? ሥራዋን ስታስቀድም ወይስ ስትተው? መምህር ፈተና ሲያርም ትክክልና ስሕተት እንደሚል ሁሉ፣ ጨዋታውም ለሴትነት ማርክ ይሰጣል። ስለዚህ እኛ እናቶች ልንመረምረው የሚገባን የሥዕሉን ወንድ መልክ ሳይሆን የታሪኳን ሴት ኑሮ ነው ባይ ነኝ።

ይህን ለማየት ነገሩ ወደ ተስፋፋበት አገር፣ ወደ ጃፓን፣ ልውሰዳችሁ። የዘመን ቁጥሩን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ1994 ዓመተ ምሕረት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በጃፓን ሁለት የፍቅር ጌሞች ወጡ። አንደኛው ለወንዶች፣ ሁለተኛው ለሴቶች የተዘጋጀ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተያየት ብዙ ያስተምራል።

የመጀመሪያው ኮናሚ የተባለው ኩባንያ በግንቦት ወር ያወጣው «ቶኪሜኪ ሜሞሪያል» ነው። ተጫዋቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ወንድ ልጅ ነው። በሦስት ዓመት ትምህርቱ ውስጥ እያጠና፣ ስፖርት እየሠራ፣ ከልጃገረዶች ጋር እየተቀጣጠረ ይቆያል። ምኞቱም በምረቃው ቀን ከትምህርት ቤቱ ትልቅ ዛፍ ሥር አንዷ ፍቅሯን እንድትገልጽለት ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ጨዋታ ለወንዱ መልካም ምክር አለው፤ ልጁ ካላጠናና ራሱን ካላሻሻለ ዋናዋ ልጅ ዞር ብላ አታየውም። ነገር ግን በዙሪያው ያሉት ልጃገረዶች አንድ አስገራሚ ምልክት ተሰጥቷቸዋል። ከመካከላቸው አንዷን ለረጅም ጊዜ ችላ ካላት የቦምብ ሥዕል ይወጣባታል። ቦምቡ ከፈነዳም ወሬው ተዛምቶ የሌሎቹም ልጃገረዶች ልብ ይቀዘቅዝበታል።

እስቲ አስቡት፣ እኅቶቼ። የልጅቱ ቅሬታ ቦምብ ሆነ። ምን እንደ ተሰማት፣ ለምን እንደ ከፋት የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው እንዳትፈነዳ በስንት ሳምንት አንድ ጊዜ ልጋብዛት የሚል ነው። «ሚስቴ ኩርፊያ ላይ ነች፣ ዛሬ አንድ ነገር ገዝቼ ልግባ» የሚል የሥራ ባልደረባ በየቢሮአችን የለምን? ቅሬታችንን እንደ ሰው ሐሳብ ከመስማት ይልቅ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ማብረድ በጃፓን የተፈጠረ አይደለም። ጨዋታው ያደረገው ልማዱን በሥዕል ማሳየት ብቻ ነው።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ኮኤይ በተባለው ኩባንያ የወጣው «አንጀሊክ» ነው። የዚህ ጨዋታ መነሻ አንዲት ሠራተኛ ሴት ናት። ኬይኮ ኤሪካዋ ትባላለች። በ1978 ከባሏ ከዮኢቺ ኤሪካዋ ጋር ያቋቋሙት ኩባንያ በመጀመሪያ የማቅለሚያ ንግድ ነበረው። በ1980 ለባሏ ለልደቱ ቀን ኮምፒዩተር ገዝታ የሰጠችው እርሷ ነች፤ ባልየውም በዚያ ኮምፒዩተር ጌም መሥራት ጀመረና ሥራቸው ተለወጠ። ወይዘሮ ኬይኮ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ጌሙን የሚሠሩት ወንዶች፣ የሚሠራላቸውም ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ሴቶችን እየቀጠረችና እያሠለጠነች «ሩቢ ፓርቲ» የተባለ የሴቶች ቡድን አቋቋመች። «አንጀሊክ»ን የሠራው ይህ ቡድን ነው። በሴቶች ተሠርተው ለሴቶች ለሚቀርቡ የፍቅር ጌሞች ሁሉ በር የከፈተ ሥራ ሆኖ ይጠቀሳል።

የታሪኩ ባለቤት አንጀሊክ የምትባል የዐሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ናት። ለአንድ ትልቅ ዓለም ንግሥትነት ታጭታለች። ሮዛሊያ የምትባል ሌላ ዕጩም አለች። ሁለቱ ልጃገረዶች የተሰጣቸውን ምድር አልምተው ችሎታቸውን ማስመስከር አለባቸው። የብርሃን፣ የጨለማ፣ የነፋስ፣ የውኃ፣ የእሳትና የሌሎችም ኃይላት ባለቤቶች የሆኑ ዘጠኝ ወንዶች ደግሞ ይረዷቸዋል። ሥራውም ፍቅሩም ጎን ለጎን ይሄዳል።

መጨረሻው ግን እንዲህ ነው። አንጀሊክ ከዘጠኙ የአንዱን ፍቅር ከተቀበለች ንግሥትነቱን ትተዋለች፤ ዘውዱ ለሮዛሊያ ይሄዳል። ዘውዱን ከመረጠች ደግሞ ፍቅሩን ትተዋለች። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አልተፈቀደላትም።

ይህን ያሰቡት ሴቶች መሆናቸውን ሳውቅ ብዙ አሰላሰልኩ። በወንዶች በተሞላ የሥራ መስክ ውስጥ በስንት ትግል የገቡ ሴቶች ናቸው። የሚያውቁትን ጻፉ ማለት ነው። እኛስ አናውቀውምን? የክፍል ኃላፊነት ሲሰጣት «ቤቴንስ ማን ያየዋል?» ብላ ያመነታች፣ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሂጂ ስትባል የባሏን ፊት ያየች፣ ትምህርቷን በሰርጓ ምክንያት ያቋረጠች ስንት እኅት አለችን! ወንድ ሲሾም «እንኳን ደስ ያለህ» ይባላል፤ ሴት ስትሾም «ልጆቹስ?» ይባላል። «አንጀሊክ» ይህን ምርጫ የፈጠረው ሳይሆን ያሳየው ነው። ጎጂ የሚሆነው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ «የሴት ዕድል ይኸው ነው» ብላ ስትቀበለው ነው። ከእናቷ ጋር ተቀምጣ «ለምን ሁለቱን አትይዝም?» ብላ ከጠየቀች ግን ጨዋታው ትምህርት ሆነላት ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። «ቦኩጆ ሞኖጋታሪ» የተባለ፣ በውጭ አገር «ሃርቬስት ሙን» በሚል ስም የታወቀ የእርሻ ጌም አለ። በ1996 ሲጀመር ተጫዋቹ ወንድ ገበሬ ነበር። ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ ከመንደሩ ልጃገረዶች አንዷን ያገባል፤ ካገባም በኋላ እርሻው ይቀጥላል። በ2000 ለሴት ተጫዋቾች ተብሎ ገበሬዋ ሴት የሆነችበት ተዘጋጀ። ይህችም ታርሳለች፣ ላም ታልባለች፣ እንቁላል ትሰበስባለች። ያገባች ዕለት ግን ጨዋታው ያበቃል። ስንት ወር የለፋችበት እርሻ፣ በስም የምታውቃቸው ከብቶቿ፣ ሁሉም በሰርጉ ቀን ይዘጋሉ። ለወንዱ ጋብቻ የኑሮው አንድ ምዕራፍ ነው፤ ለሴቷ የመጨረሻው ገጽ ሆነ።

እኛ ያገባን ሴቶች ይህን ስናይ መሣቃችን አይቀርም። ሚዜዎቹ ተበትነው፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የተዋስነው ድስት ለየባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው እንጂ የሴት ታሪክ የሚጀመረው! ይሁን እንጂ ለልጆቻችን የምንነግረውም ተረት «ንጉሡ አገባት» ከተባለ በኋላ «ተረቴን መልሱ» ተብሎ የሚዘጋ ነው። ልጅቱ ካገባች በኋላ ምን እንደ ሠራች፣ ምን እንዳሰበች አንነግራቸውም። ደግነቱ የእርሻው ጌም በዚያ አልቀረም። በ2003 ለሴት ተጫዋች የተዘጋጀው አዲስ እትም ከጋብቻ በኋላም እንዲቀጥል ተደርጓል፤ ሴቷም ባል አግብታ፣ ልጅ ወልዳ እርሻዋን ታርሳለች። ነገር ሲነቀፍና ሲታሰብበት እንደሚሻሻል ይህ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። በነዚህ ለሴት በተሠሩ የፍቅር ጌሞች ሥዕል ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ወንዶቹ በጥንቃቄ የተሣሉ ናቸው። የጠጉራቸው ቀለም፣ የዐይናቸው ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል። ታዋቂ ተዋንያን ድምፃቸውን ይሰጧቸዋል። የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት ግን በብዙዎቹ ጨዋታዎች ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ ወይም ጠጉሯ ዐይኗን ሸፍኖት ትሣላለች። ድምፅም ብዙውን ጊዜ የላትም። ስሟን እንኳ ተጫዋቿ እንደ ፈለገች ትለውጠዋለች። ባጭሩ ፊት የሌላት ልጅ ናት።

ይህ ለምን ሆነ ቢባል፣ ምክንያት አለው። ተጫዋቿ በባዶው ቦታ ራሷን እንድታስገባ ነው። በዚህ ላይ ግን የጨዋታው ወዳጆች የሆኑ ሴቶች በሁለት ወገን ተከፍለው ሲከራከሩ ኖረዋል። ክርክሩ ጃፓን ብቻ አይደለም፤ ቻይናና ሌላውም አገር ገብቷል። እኔም ቤት ገባ። አብራኝ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከጓደኛዋ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ እንዲህ ያለ ጌም ይጫወታሉ። አንድ ቅዳሜ ቡና እያፈላሁ ሲከራከሩ ሰማኋቸው።

የእኅቴ ልጅ «ፊት ካላት እኮ እኔ አልሆንም። ፈረንጅ ወይ ጃፓን ትሆናለች። አሁን ግን እኔ ነኝ» አለች።

ጓደኛዋ ደግሞ «እሱ ዐይኗን ሳያይ እንዴት ነው የወደዳት? ሁሉ ሰው ፊት ሲኖረው እሷ ብቻ የላትም። እኔስ ያሳዝነኛል» ብላ መለሰች።

ቀጥለውም «አክስቴ፣ አንቺ ፍረጂን» አሉኝ። እኔም ቡናውን አቅርቤ ነገሩን እንደሚከተለው ፈረድኩ።

የእኅቴ ልጅ ያለችው እውነት ነው። እኛን የመሰለች ሴት በሌላ አገር በተሠራ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አትገኝም፤ ስለዚህ ባዶው ቦታ ለልጃችን መግቢያ በር ሆነላት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጓደኛዋ ያለችውም እውነት ነው። ፊት የሌላት ሴት ማንም ልትሆን ትችላለች፤ ማንም የምትሆን ሴት ደግሞ ስለማንነቷ ሳይሆን ባዶ ስለሆነች ትወደዳለች። የራሷ ጠባይ፣ የራሷ ሐሳብ፣ «አይሆንም» የምትልበት የራሷ ምክንያት ከሌላት፣ ወንዱ የሚያፈቅረው መስተዋት ነው። እኛም በልጅነታችን «ጨዋ ልጅ አንገቷን ትደፋለች» እየተባልን ያደግን ነን። አንገት መድፋትና ፊት ማጣት ሩቅ አይደሉም። ስለዚህ ለሁለቱም «በሩ ይኑር፤ ስትገቢ ግን ፊትሽን ይዘሽ ግቢ» አልኳቸው።

ይህን ክርክር ተራ የልጆች ጨዋታ አድርጎ ማለፍ አይገባም። ሴት ወዳጆች በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በጃፓን በታኅሣሥ ወር 1975፣ ቶኪዮ ውስጥ፣ የሥዕል ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ራሳቸው የሣሉትንና የጻፉትን የሚለዋወጡበት አንድ ገበያ ተከፈተ። «ኮሚክ ማርኬት» ይባላል። ያን ቀን ያቀረቡት 32 ቡድኖች፣ የመጡትም 700 የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ተማሪ ልጃገረዶች ናቸው። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚጎርፍበት ገበያ ሆኗል። በቶኪዮ ኢኬቡኩሮ በተባለው ሰፈር ደግሞ ለሴት ወዳጆች የሚሸጡ ሱቆች የተደረደሩበት፣ «የልጃገረዶች መንገድ» እንደ ማለት የሆነ ስም የወጣለት ጎዳና አለ።

እነዚህ ሴቶች የሚያደርጉትን ልብ በሉ። ታሪኩ ባልተመቻቸው ቦታ ላይ ራሳቸው ይጽፉታል። ባላንጣ ተደርጋ የቀረበችውን ሴት የልብ ጓደኛ ያደርጓታል። ዝም ያለችውን ያናግሯታል። የእኅቴ ልጅ ጓደኛም ይህን ከማንም ሳትሰማ ጀምራዋለች። በሒሳብ ደብተሯ መጨረሻ ገጾች ላይ ያችን ፊት የሌላት ልጅ ትላልቅ ዐይንና ሹሩባ አድርጋ ሥላታለች። የሒሳብ ደብተሩ ነገር ለብቻው ይታያል፤ ሥዕሉ ግን የሚያስመሰግን ነው።

ታዲያ ሴት አንድ ነገር ስትወድ ለምን ይሣቅባታል? በ2018 በጥር ወር በቻይና ሸንዠን ከተማ፣ አንዲት ሴት የምትወደውን የጌም ገጸ ባሕርይ ልደት ለማክበር በአንድ ትልቅ ፎቅ ላይ በመብራት መልካም ልደት እንዲጻፍ ከፍላ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ «አበደች» ሳይል አይቀርም። በ2009 ኮናሚ «ላቭ ፕላስ» የተባለ ለወንዶች የተዘጋጀ የፍቅር ጌም ሲያወጣ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት አታሚ የምትባለው የጃፓን የመዝናኛ ከተማ ከጌሙ ሴቶች ጋር «ለሽርሽር» የሚመጡ ወንዶችን ለመቀበል ዝግጅት አድርጋለች። ሆቴሎቹም ብቻቸውን ለመጡት ወንዶች የሁለት ሰው ክፍል ሰጥተዋቸዋል። በኛ ከተማ ደግሞ የአውሮፓ ቡድን ስለ ተሸነፈ እራቱን ሳይበላ የሚተኛ አባወራ ጥቂት አይደለም፤ ማንም ግን ዕብድ አይለውም። እኔ ኳስ የሚወደውን አልነቅፍም። ሚዛኑ አንድ ይሁን ነው የምለው። መውደድ ነውር አይደለም፤ የሚወደደው ነገር ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚያስከፍል ሳያውቁ መውደድ ግን ጉዳት አለው።

በዚያ በሸንዠን ፎቅ ላይ ልደቱ የተከበረለት ገጸ ባሕርይ «ላቭ ኤንድ ፕሮዲዩሰር» ከተባለው፣ ፔፐር ጌምስ የተባለ የቻይና ኩባንያ በታኅሣሥ 2017 ካወጣው ጌም የተገኘ ነው። በዚህኛው ታሪክ ሴቷ ሥራ አላት። የሞተው አባቷ የተወላትን የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅ ድርጅት ታስተዳድራለች። ጌሙ ሲወጣ በዙሪያዋ አራት ወንዶች ነበሩ፤ አንዱ ባለሀብት፣ አንዱ ሳይንቲስት፣ አንዱ ዝነኛ ዘፋኝ፣ አንዱ ፖሊስ። ሴት ሥራ አስኪያጅ መሆኗ ከዘውድና ፍቅር ምርጫ የተሻለ ነው። ነገር ግን ባለሀብቱ ታሪኩ ሲጀመር ለድርጅቷ የሚሰጠውን ገንዘብ ላቋርጥ የሚል ሰው ነው። ደመወዟን የያዘው ሰው ወዳጇም ሆነ። በእውነተኛው የሥራ ዓለም ይህን ብናይ ምን እንላለን? አለቃ ለሠራተኛው ፍቅር ሲያነሣ፣ «እምቢ» ብትል እንጀራዋ ምን ይሆናል ብለን አንጠይቅምን? ጨዋታው ይህን ጥያቄ በጣፋጭ ቃል ይሸፍነዋል። በሥዕል የተሠራ አለቃ ደመወዝ አይቀጣም፤ ቅናቱም አያቆስልም። «ካልቀናብሽ አይወድሽም» የሚባለው አጉል አባባል ግን በኛም ሰፈር ስላለ፣ ልጃችን ከሁለት ወገን አንድ ዓይነት ትምህርት እንዳትሰማ መጠንቀቅ የኛ ፈንታ ነው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ሳላነሣ ባልፍ ለቤት ወጪ ለምትጨነቁ እናቶች ግዴታዬን አልተወጣሁም። አሁን አሁን የሚወጡት ጌሞች በነፃ ይጀመራሉ። አዲስ ታሪክ፣ አዲስ ልብስ፣ ልዩ ሥዕል የሚገኘው ግን በዕጣ በሚወጣ ካርድ ነው። ሎተሪ ማለት ነው። ልዩነቱ ሎተሪ ቆርጠን እስኪወጣ ቀን እንጠብቃለን፤ እዚህ ግን ዕጣው በሰከንድ ውስጥ ወጥቶ «አንድ ጊዜ ድገሚ» ይላል። ነገሩ አሳሳቢ በመሆኑ የጃፓን የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2012 ከነዚህ ዕጣዎች መካከል የተሟላ የካርድ ስብስብ እንዲጠራቀም የሚያስገድደውን ዓይነት ሕገ ወጥ ነው ብሎታል። ቻይናም ከግንቦት 2017 ጀምሮ ኩባንያዎች የዕጣውን የመውጣት ዕድል በቁጥር እንዲገልጹ አስገድዳለች። ለወንዶች በተዘጋጁት ጌሞችም ይኸው የካርድ ዕጣ አለ። የፍቅር ጌም የሚብስበት ምክንያት የሚሸጠው መናፈቅ ስለሆነ ነው።

በጥር 2024 ያው ኩባንያ ያወጣው «ላቭ ኤንድ ዲፕስፔስ» መልካሙንም ክፉውንም አንድ ላይ ይዞ ይገኛል። በዚህ ጨዋታ ሴቷ ተዋጊ ናት፤ ጭራቅ ታድናለች እንጂ አዳኝ ወንድ አትጠብቅም። ከሁሉ በላይ ፊት አገኘች። ተጫዋቿ የሴቷን የቆዳ ቀለም፣ የዐይኗን ቅርጽ፣ አፍንጫዋን፣ ድምፅዋን ሳይቀር መምረጥ ትችላለች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ የሁለት ወገን ክርክር መፍትሔ አገኘ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የካርዱ ዕጣ እንዳለ ነው። በጨዋታው ውስጥ የወር አበባ ቀንን የሚመዘግቡበት ቦታም አለ፤ ተጫዋቿ ከመዘገበች በሥዕል የተሠራው ወዳጅ ስለ ጤንነቷ ይጠይቃታል። ልብ የሚነካ ይመስላል። ነገር ግን እናት ለልጇ የምትነግራትን፣ እኅት ለእኅቷ በሹክሹክታ የምታወራውን ምሥጢር የተቀበለው ሥዕሉ ሳይሆን ኩባንያ ነው። ፊት ተሰጥቷት ቦርሳዋና ገበናዋ ከተወሰደ ተጠቀመች ለማለት ይከብደኛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስልኩን መንጠቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የነጠቅነውን ነገ በጓደኛዋ ስልክ ታገኘዋለች፤ ያን ጊዜ አጠገቧ አንኖርም። ችላ ብሎ መተውም ልጅን ለማናውቀው መምህር አሳልፎ መስጠት ነው። እኔ የምመክረው መጠየቅን ነው። ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ ቡና እየጠጣን ወይም ሽንኩርት እየከተፍን፣ አራት ነገር እንጠይቃት።

አንደኛ፣ «በታሪኩ ውስጥ ያለችው ሴት ማን ናት? ሥራዋ ምንድን ነው? ከወንዶቹ ሌላ የምትወደው ነገር አላት?» ሁለተኛ፣ «ነጥብ የሚያስገኘው መልስ የትኛው ነው? አንቺ ብትሆኚ እውነት እንዲህ ትመልሻለሽ?» ሦስተኛ፣ «ካገባች በኋላስ ታሪኩ ይቀጥላል?» አራተኛ፣ «በዚህ ወር ስንት ብር ወጣበት? የሰጠሻቸውስ የራስሽ ጉዳይ ምን አለ?» እነዚህን ለመጠየቅ እንግሊዝኛም ኮምፒዩተርም ማወቅ አያስፈልግም። ሴት ሆኖ መኖርና ደመወዝ ቈጥሮ ማደር ይበቃል፤ በነዚህ ደግሞ ሁላችንም ተመርቀናል።

ወንዶች ልጆች ያሏችሁም ጥያቄው አይቅርባችሁ። ልጃችሁ የሚጫወተው ጌም ውስጥ ያሉት ሴቶች ሐሳብ አላቸው ወይስ የሚሰበሰቡ ናቸው? ስትቆጣ ምክንያቷን ይጠይቃል ወይስ ቦምቡን ያበርዳል? የነገው ባል ዛሬ የሚቀረጸው በዚህም ነው። የሴት ልጃችንን ብቻ ብናርም፣ ያረምናትን ልጅ ላልታረመ ወንድ መስጠታችን ነው።

የኅብረተሰቡ ግማሽ የሆንነው ሴቶች ከመጽሐፍም፣ ከፊልምም፣ ከዘፈንም ውስጥ ፊታችንን ያገኘነው ማንም ወዶ ስለ ሰጠን አይደለም። «ይህች እኛን አትመስልም» ያሉ ሴቶች ስለ ነበሩ ነው። ጃፓናዊቷ ነጋዴ ሴቶችን ቀጥራ አሠራች፤ ተማሪዎቹ ልጃገረዶች እየሣሉና እየጻፉ ገበያ አቆሙ፤ ተጫዋቾቹ ሴቶች ፊት ይኑራት አይኑራት እየተባባሉ ተከራከሩ። ልጆቻችንም ከነዚህ መካከል ናቸው። ከአጠገባቸው ቁጭ ብለን ከጠየቅናቸው፣ የተሰጣቸውን መልስ ከመምረጥ አልፈው ያልተጻፈውን አራተኛ መልስ ራሳቸው የሚጽፉ ይሆናሉ።